ስለ ባለቤቴ አሥራ አራት የስልክ ጥሪዎች የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ኦስሞ ቪርካላ
የኮስኪላምፒና የአካባቢዋ የጤና አገልግሎት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ እያልኩ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በአዲሱ ሕንፃ መግቢያ ላይ ሰው ሲቀርበው በራሱ የሚከፈተው የመስታወት በርም በደኅና እንደከረማችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ሳንባዎ ንጹሕ፣ ሁለቱም እግሮችዎ በየቦታቸው፣ ስልክ ሲደውሉም ዝም ብሎ የሚጠብቅዎ ሰው ያለዎ እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኔን ከጠየቁኝ ጉልበቴን ትንሽ ከመያዙ በቀር ደኅና ነኝ።

በአገራችን ሰውን በማዕረግ መጥራት ከቀረ እንደቆየ አላጣሁትም። የወረቀት ፋብሪካውን ሥራ አስኪያጅ እንኳ በስሙ እየጠራነው ነው ያረጀነው። ዛሬ እርስዎን «ክቡር» ማለቴ መሥሪያ ቤትዎ በሚልክልን ወረቀት ሁሉ ግርጌ «ደንበኞቻችንን እናከብራለን» የሚል ስለተጻፈ፣ በክብር ላለመበለጥ ብዬ ነው።

ስሜ ኤይላ ታሚላ ይባላል። በኮስኪላምፒ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከአርባ ዓመት በታች የሆነ የከተማችን ሰው ሁሉ የእኔን የአተር ሾርባ በልቶ ያደገ ነው። እርስዎ ከሌላ ከተማ ስለመጡ ይህ ስላመለጠዎ አዝናለሁ። ባለፈው ሳምንት በአካባቢያችን ጋዜጣ ላይ «በእኛ አካባቢ ማጨስ ለማቆም የወሰነ ማንም ሰው ብቻውን አይደለም» ብለው የሰጡትን ቃል፣ ደግሞም ከስድስት ወር በኋላ ለሚደረገው የስልክ መጠይቅ መልስ ከሰጡት ሰዎች መካከል ከግማሽ በላዩ ሲጋራ እርግፍ አድርጎ እንደተወ የገለጹበትን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ደስታዎን በአደባባይ ስላካፈሉን እኔም ምስጋናዬን በአደባባይ ባደርገው ይሻላል ብዬ ይህ ደብዳቤ በዚያው ጋዜጣ እንዲወጣልኝ ለምኛለሁ።

ጉዳዩ የባለቤቴ የታይስቶ ነው። ታይስቶ በወረቀት ፋብሪካው አርባ ዓመት የሠራ፣ ከአሥራ አምስት ዓመቱ ጀምሮ ያጨሰ ሰው ነበር። አምና የቀኝ እግሩ የደም ሥር ጠቦ መራመድ ሲያቅተው፣ በትልቁ ከተማ ያለችው ቀዶ ሐኪም አስቀምጣው፣ «ስማ ታይስቶ፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ ሲጋራ ካልነካህ እግርህን አድንልሃለሁ። ከነካህ ግን ቁስሉ አይዘጋልህም፣ እኔም ቢላ አላነሣም» አለችው። እሱም ራሱን ነቀነቀ። ስድስት ሳምንት ማለት አርባ ሁለት ቀን ነው። ከዚህ በታች በቁጥር የምዘረዝረው ምስጋና ሁሉ ስለነዚያ አርባ ሁለት ቀናት ነው።

1. ስለ ሐሙስ ጠዋቷ ክፍል

በመጀመሪያ የማመሰግንዎ በጤና ጣቢያችን ጓሮ በኩል የነበረችውን አንዲት ጠባብ ክፍል ስለዘጉልን ነው። በዚያች ክፍል ማርዩት የምትባል ነርስ ዘወትር ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ከሲጋራ ጋር የሚታገሉ ስምንት ዘጠኝ ሰዎችን ትሰበስብ ነበር። ሥራዋ ይኸው ብቻ ነበር። ክንድ ላይ የሚለጠፈውን መድኃኒት ትሰጣለች፣ ትንፋሻቸውን በመሣሪያ ትለካለች፣ ከዚያ ለእያንዳንዳቸው አንድ ቢላና አንድ ቁራጭ የጥድ እንጨት ታድላለች። ሲጋራ የለመደ እጅ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይችልም ብላ፣ ዳቦ ላይ ቅቤ የሚቀባበትን የእንጨት ቢላ ታስጠርባቸው ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ በኮስኪላምፒ ከዳቦው ይልቅ የቅቤ ቢላው በዛ፤ ቄሳችን እንኳ አራት አላቸው።

ባለቤቴ በመጀመሪያው ሐሙስ ሲሄድ እኔም በሩ ድረስ ሸኝቼው ነበርና ማርዩት ያለችውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ማውራት የፈለገ ያውራ፣ ያልፈለገ ይጥረብ። እጁን ኪሱ የሚከት ግን ውጪ ነው» አለች። ጎረቤታችን ፓቮ፣ «ማርዩት፣ እኔ ሁለቱን አንድ ላይ አልችልም» ሲላት፣ «እንግዲያው ጥረብ፤ አፍህ ሥልሳ ዓመት ሠርቷል፣ ትንሽ ይረፍ» አለችው። ታይስቶ ያን ዕለት ጥድ ጥድ እየሸተተ መጣ። «ምን ተባባላችሁ?» አልኩት። «ምንም» አለ። «አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ?» «ጥሩ ነበር» አለኝና ሾርባውን በላ።

ክቡር ሆይ፣ ባለቤቴን አላወቁትምና እግረ መንገዴን ላስተዋውቅዎ። ይህ ሰው ለትዳር ሲጠይቀኝ የተናገረው በጠቅላላው አራት ቃል ነው፤ «ጀልባው ሁለት ሰው ይይዛል» አለኝ፣ እኔም ገባኝ። አርባ አራት ዓመት አብረን ስንኖር ከዚያ የበለጠ ረጅም ንግግር ያደረገልኝ ጥቂት ቀን ነው፤ አንድም ቀን ግን ብቻዬን ነኝ ብዬ አላውቅም። ማርዩት ደግሞ የእኛው አገር ሰው ናትና፣ ሰው ዝም ብሎ አጠገብህ ሲቀመጥ ትቶህ እንዳልሄደ ማሳየቱ መሆኑን ማንም ሳይነግራት ታውቃለች።

ታይስቶ በዚያች ክፍል ሃያ ስምንት ቀን ደረሰ። ሃያ ስምንት ቀን አንድም ሳይለኩስ። በየሐሙሱ ማርዩት የትንፋሹን ቁጥር በምትሰጠው ካርድ ላይ ትጽፍለታለች፤ እሱም ካርዱን ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፋል፣ ስለሱም ምንም አይልም፤ ግን ወተት ሊያወጣ ሲሄድ ቆሞ ሲያየው አይቼዋለሁ።

በዚያው ሰሞን ከመሥሪያ ቤትዎ አንድ ገምጋሚ ተልኮ አንድ ሐሙስ ጥግ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ሪፖርቱን በኋላ ጠይቄ አግኝቼዋለሁ። «በዘጠና ደቂቃ ውስጥ ምንም ዓይነት የምክክር ንግግር አልተካሄደም። ተሳታፊዎች ስለት ይይዛሉ» ይላል። ሁለቱም እውነት ነው፣ አንድ ፊደል አልዋሸም። በሁለት ዓመት ከገቡት ሃያ ሦስት ሰዎች ውስጥ አሥራ አራቱ ማጨስ ማቆማቸው ግን ንግግር ስላልሆነ ሳይጽፈው ቀረ። በሚቀጥለው ሐሙስ ታይስቶ በሩ ተዘግቶ አገኘው። በሩ ላይ «አገልግሎቱ ከእንግዲህ ወደ እርስዎ ይበልጥ ይቀርባል» የሚል ወረቀትና አንድ ስልክ ቁጥር ተለጥፎ ነበር። ማርዩትን ትልቁ ከተማ ወስደው ቅጽ እንድትሞላ አድርገዋታል። ስለ መቅረቡ እናመሰግናለን።

2. ስለ ስልኩ

ስልኩ ለሁሉም ነገር እንደሆነ ስረዳ በቁጠባችሁ ተደነቅሁ። ውፍረት መቀነስ የፈለገ አንድን ይጫናል፣ እንቅልፍ ያጣ ሁለትን፣ መጠጥ ያስቸገረው ሦስትን፣ ሲጋራ አራትን፤ የሚያነሣው ግን ያው አንድ ሰው ነው። ለሲጋራ ብቻ የተመደበ ሰውም፣ ክፍልም፣ ሰዓትም የለም። ያው ድምፅ ከአንዱ ጋር ስለ ድንች፣ ከሌላው ጋር ስለ ትራስ ሲያወራ ይውላል። ሥራውን አልንቅም፤ እኔም በአንድ ድስት ለሦስት መቶ ልጅ የቀቀልኩ ሰው ነኝ። እኔ ግን የቀቀልኩት ሾርባ ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ታይስቶ ስልኩን አንሥቶ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጋር ሲቀመጥ፣ ሰው የግሉን ሲያወራ መስማት ነውር ነው ብዬ ኮቴን ደርቤ ወደ እንጨት ቤት እወጣ ነበር። ማንም የከተማችን ሰው እንደዚያው ያደርጋል። በነፃነት ያውራ ብዬ እንጨት እፈልጥ ነበር፤ ቶሎ ገብቼ እንዳላቋርጠው ብዬ ደግሜ እደረድረው ነበር። ስመለስ «አወራችሁ?» እለዋለሁ። «መስመሩ ላይ ነበርን» ይለኛል። ደስ ይለኛል። እንዲህ እያልኩ አሥራ አራት ጊዜ ወጥቻለሁ፤ የፈለጥኩት እንጨት ለሦስት ክረምት ይበቃል፣ ዛሬም እሱን እያነደድኩ ነው።

ታይስቶ ግን ከበሩ መዘጋት በኋላ አርባ ሁለት ቀን አልደረሰም። አምስት ቀን ይቆያል፣ ከዚያ ከጀልባው ቤት ጀርባ ጭሱ ይሸተኛል። እንደገና ይጀምራል፣ አራት ቀን። ካርድ የሚጽፍለት ስለሌለ ቀኖቹን ራሱ በእርሳስ ማቀዝቀዣው በር ላይ ያሰምር ነበር፤ ሲወድቅ በአውራ ጣቱ ያጠፋዋል። አንድ ጠዋት ጣቱን ልሶ ሲያጠፋ አየሁትና፣ «ተወው፣ ነገ ትጀምራለህ» ብለው፣ «ማርዩት ብትኖር…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ከገና በኋላ እግሩ ጠቆረ። በየካቲት ቆረጡት። ልቡ ያንን አልቻለውም። መጋቢት ዘጠኝ ቀን ሐኪም ቤት ውስጥ፣ እጄን እንደያዘ፣ ምንም ሳይል ሞተ።

3. ስለ ሁለቱ ገጾች

በሦስተኛ ደረጃ የማመሰግንዎ መዝገብ አያያዛችሁን ነው። ከቀብሩ በኋላ፣ ባለቤቴ ከማን ጋር ምን ሲነጋገር እንደከረመ ማወቅ ፈለግሁ። አርባ አራት ዓመት ያልነገረኝን ለማያውቀው ሰው ነግሮት ከሆነ፣ ያንን ሰው ላመሰግነው ነበር ሐሳቤ። መሥሪያ ቤትዎም በሕጉ መሠረት ሁለት ገጽ ወረቀት ላከልኝ። አሥራ አራቱም ጥሪዎች ከነሰዓታቸው ተመዝግበዋል።

«ጥሪ አንድ። ደንበኛው አልተናገረም። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ጥሪው ተቋረጠ። የድጋፍ ፍላጎት የለም።» «ጥሪ ሁለት። ደንበኛው አልተናገረም። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ጥሪው ተቋረጠ። የድጋፍ ፍላጎት የለም።» እንዲህ እያለ እስከ ስምንት ይወርዳል።

ክቡር ሆይ፣ ከሁለት ደቂቃ በላይ ዝም የሚል ሰው ይቋረጥ የሚል ደንብ እንዳላችሁ የተረዳሁት ያን ዕለት ነው። ታይስቶ ቁጥር አራትን ተጭኖ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ልክ ሐሙስ ሐሙስ እንደሚያደርገው ተቀምጧል። ከወዲያ በኩል ሰው አለ፤ ለእሱ ይህ በቂው ነበር። እሱ አብረው የተቀመጡ መስሎታል፣ እናንተ ማንም የለም ብላችኋል፣ እኔ ደግሞ እንጨት ቤት ሆኜ እያወራ ነው ብያለሁ። አንድ ቀን እንኳ ጓንቴን ረስቼ ብመለስ ኖሮ ዝምታውን እሰማው ነበር። ከዚያማ ቢላና የጥድ ቁራጭ ይዤ ፊት ለፊቱ እቀመጥ ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረም የሚፈልገው። ይህ ሐሳብ አንጀቴን እንዴት እንደሚያሳርረው ለእርስዎ ማስረዳት አልችልም፣ ቅጻችሁም ቦታ አልተወለትም።

ዘጠነኛው ጥሪ ግን የተለየ ነው። «አማካሪ ሰባት። ደንበኛው አልተናገረም። የጥሪው ርዝመት፦ አርባ ሰባት ደቂቃ» ይላል። ይህን መስመር ሳነብ ጮክ ብዬ አለቀስኩ። አማካሪዎቻችሁ ስልክ ሲያነሡ ቁጥራቸውን እንጂ ስማቸውን ስለማይናገሩ፣ አማካሪ ሰባት ማን እንደሆነች አላውቅም፤ ሴት መሆኗን የማውቀው ቀጥሎ ከምጽፈው ነው። አርባ ሰባት ደቂቃ ሙሉ ስልኩን ሳትዘጋ ከባለቤቴ ጋር ተቀምጣለች። ያን ቀን ከእንጨት ቤት ስመለስ ታይስቶ የቅቤ ቢላ እየጠረበ ነበር፤ ፍቅፋቂው ማዳመጫው አጠገብ ተከምሯል። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን አላጨሰም፤ በማቀዝቀዣው ላይ አሥራ አንድ መስመር ቆጥሬያለሁ። በመዝገቡ ላይ ከጥሪው ሥር ደግሞ በሌላ እጅ፣ «አማካሪዋ ስለ ጊዜ ገደቡ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል» ተብሎ ተጨምሯል።

ከአሥር እስከ አሥራ ሦስት ያሉት ጥሪዎች እንደገና ሁለት ሁለት ደቂቃ ናቸው፤ ያነሡትም ሌሎች ናቸው። አሥራ አራተኛው፣ የመጨረሻው፣ ከገና በኋላ በሁለተኛው ሳምንት የተደረገ ነው። ቃል በቃል ልገልብጥልዎ።

«ደንበኛው ተናገረ። ‹ሰባት አለች እንዴ?› ሲል ጠየቀ። አማካሪ መምረጥ እንደማይቻል ተገለጸለት። ደንበኛው አመስግኖ ዘጋ። የድጋፍ ፍላጎት የለም።»

እኔን ሊያገባ አራት ቃል፣ ሊድን ደግሞ ለእናንተ ሦስት ቃል ተናገረ። ለእሱ ያ ምን ያህል እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ። ያንን ጠዋት ኮቱን ሳይለብስ በረንዳው ላይ ቆሞ ስለነበር «ግባ፣ ይበርድሃል» ብዬው ገባ። ይህ ሁሉ በጥንቃቄ ስለተጻፈልኝ መሥሪያ ቤትዎን አመሰግናለሁ፤ ከባለቤቴ የተረፈኝ የመጨረሻው ንግግር ይኸው ነውና።

4. ስለ ልመናዬ

ገንዘብ አልፈልግም፤ ይቅርታም አልለምንም። የምለምነው የጓሮዋ ክፍል ቁልፍ ነው። ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ትከፈት፣ ማርዩትም ከቅጹ ተላቃ ትመለስ። ፓቮ እንደገና ማጨስ ጀምሯል። አሁን የክፍሏ ሰዎች ስድስት ሆነው በየሐሙሱ እኔ ወጥ ቤት ይመጣሉ፤ እንጨት አለኝ፣ ቢላም አለኝ፣ ሾርባም እሠራለሁ። መድኃኒት ግን የለኝም፣ ትንፋሽ መለኪያም የለኝም፣ ከመካከላቸው አንዱ ደረቱን ይዞ ሲያስል ምን እንደማደርግም አላውቅም። እኔ ነርስ አይደለሁም። ባለፈው ሐሙስ ፓቮ ዙሪያውን አይቶ፣ «ኤይላ፣ እዚህ ቤት እንደ ድሮው ነው፣ ማንም ምንም አይልም» አለኝ። «አንተ ካልክ ይበቃል» አልኩት። ሳቅን። ከዚያ ሁላችንም ወደ ታይስቶ ወንበር አየንና ጥረባችንን ቀጠልን።

አማካሪ ሰባትንም አደራ እልዎታለሁ። ማስጠንቀቂያው ከፋይሏ ይነሣላት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ትንሽ ጥቅል ልኬያለሁ፤ በዚያ በአርባ ሰባት ደቂቃ ውስጥ የተጠረበው የቅቤ ቢላ ነው። መያዣው ገና አልተላገም። የእሷ ስለሆነ እንዲደርሳት ያድርጉልኝ። እንደ ስለት እንዳይቆጠርባት፤ ቅቤ ከመቀባት በቀር ምንም አይቆርጥም።

ክቡር ሆይ፣ ጊዜዎን አብዝቼ ከወሰድኩ፣ ይህን ደብዳቤ ለማንበብም ከሁለት ደቂቃ በላይ ከፈጀብዎ፣ በትሕትና ይቅርታ እጠይቃለሁ። መልስዎን እጠብቃለሁ፤ ዝም ካሉም አልዘጋም፣ መስመሩ ላይ ነኝ።

የአክብሮት ሰላምታዬን በድጋሚ እያቀረብኩ፣ የዘወትር ደንበኛዎ፣ በመዝገባችሁም መሠረት የድጋፍ ፍላጎት የሌለው ሰው ሚስት፣

ኤይላ ታሚላ
ኮስኪላምፒ

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስኩት፦ ባለፈው ወር ስልኬ ጠራ፤ በጋዜጣው የገለጹት የስድስት ወር መጠይቅ ነው። የተቀዳ ድምፅ «ታይስቶ ታሚላ፣ ዛሬ የማያጨሱ ከሆነ አንድን፣ የሚያጨሱ ከሆነ ሁለትን ይጫኑ» አለኝ። ሦስተኛ ቁጥር ይኖር ይሆናል ብዬ እስከ መጨረሻው ጠበቅሁ፤ የለም። ባለቤቴ ከመጋቢት ዘጠኝ ወዲህ አንድም አልለኮሰምና እውነቱን ተናግሬ አንድን ተጫንኩ። ስለዚህ በሪፖርትዎ ካቆሙት ሰዎች መካከል አንዱ እሱ ነው። ድምፁም «እንኳን ደስ አለዎት፣ በዚሁ ይቀጥሉ» ብሎ ዘጋብኝ።